ሣር ያጠጣነው ውኃ እና የፍሳሽ ክፍያ

በጎንደር በጋው ሲጠና «ሣሩ የጠጣው ውኃ ፍሳሽ ውስጥ አልገባም፤ ታዲያ ለምን የፍሳሽ ይታሰብበታል?» የሚለው ጥያቄ በእድራችን ስለተደጋገመ ላብራራው። ቆጣሪው የሚያውቀው በውስጡ ያለፈውን ውኃ ብቻ ነው፤ ወደ ድስት ይግባ ወደ ጓሮ አይለይም። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ የራሱ ቆጣሪ ስለሌለው፣ የፍሳሽ ክፍያ በውኃ ፍጆታ ልክ በሚታሰብበት ቦታ ሁሉ የአትክልቱም ውኃ አብሮ ይቆጠራል።

በወር 7 ሜትር ኩብ የሚጠቀም ቤተሰብ በየቀኑ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 10 ጊዜ ሞልቶ ሣሩን ቢያጠጣ፣ በ30 ቀን 6,000 ሊትር፣ ማለትም 6 ሜትር ኩብ ይጨምርና የወሩ ፍጆታ 13 ሜትር ኩብ ይሆናል። እውነተኛው ጫና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ታሪፉ በእርከን የሚያድግ ከሆነ፣ ማለትም ፍጆታ ሲጨምር የሜትር ኩቡ ዋጋም የሚወደድ ከሆነ፣ ጭማሪው የሚያርፈው በውዱ እርከን ላይ ነውና።

የእርከኑ ወሰንና ዋጋ ከከተማ ከተማ፣ ከጊዜ ጊዜ ይለያያል፤ የፍሳሽ ክፍያ መኖሩም እንዲሁ፣ ስለዚህ ደረሰኙ ላይ በተለየ መስመር መጻፉን ይመልከቱ። ፍሳሹን በራሱ ጉድጓድ የሚያጠራቅም ቤት ግን ዋናው ወጪው ጉድጓዱ ሲሞላ ለመምጠጫ መኪና የሚከፍለው ነው፤ ሣር ማጠጣት ያንን አይጨምርም።