አጥንት የሌላቸው ፍጥረታት በአሸዋ ድንጋይ ላይ እንዴት ቀሩ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አጥንት ወይም ቅርፊት የሌለው ፍጡር ቅሪተ አካል አይሆንም፤ በአሸዋ ድንጋይማ ጭራሽ!»

ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አይደለም። አሸዋ ውሃና ኦክስጅን ስለሚያሳልፍ ሥጋ ቶሎ ይበሰብስበታል። ሆኖም የሥነ ምድር ተመራማሪው ሬጅ ስፕሪግ እ.ኤ.አ. በ1946 በደቡብ አውስትራሊያ ኤዲያካራ ኮረብቶች ያገኛቸው፣ 550 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ቅርጾች የታተሙት በዚሁ ድንጋይ ላይ ነው።

«ባክቴሪያ ያበሰብሳል እንጂ አያቆይም»

እዚህ ቦታ ቅርጹን ያቆየው ራሱ ብስባሴው ነው። ያኔ ጥልቀት የሌለውን የባሕር ወለል ቀጭን የባክቴሪያ ምንጣፍ ሸፍኖት ነበር፤ የሚያመነጨው ዝልግልግ ነገር የአሸዋውን ቅንጣቶች አጣብቆ ይይዛል። እንደ ዲኪንሶኒያ ያሉ ጠፍጣፋ ፍጥረታት በላዩ ይኖሩ ነበር። ማዕበል አሸዋ አምጥቶ ሲደፋባቸው ከነምንጣፉ ባሉበት ተቀበሩ። ከዚያ በአዲሱ አሸዋ ላይ ሌላ ምንጣፍ በቅሎ ከላይ የሚመጣውን ኦክስጅን ዘጋው። ከሥር፣ ኦክስጅን ሳያስፈልጋቸው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በባሕሩ ውሃ ያለውን ሰልፌት (የድኝ ውህድ) እየተጠቀሙ በድኑንና የተቀበረውን ምንጣፍ መብላት ጀመሩ፤ ሃይድሮጅን ሰልፋይድም ወጣ። ይህ ጋዝ በአሸዋው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ የብረት ሰልፋይድ ማዕድን (ፓይራይት) ይፈጠራል፤ ማዕድኑ በበድኑ ላይ ያረፈውን አሸዋ አጣብቆ ስስ ቅርፊት ያደርገዋል። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጂም ጌህሊንግ እ.ኤ.አ. በ1999 ይህን «የሞት ጭምብል» ብሎ አቀረበው። ወሳኙ ጊዜው ነው፦ ቅርፊቱ ከዘገየ ሥጋው ቀድሞ ይሟሽሽና አሸዋው ይደረመሳል፣ ዝርዝሩም ይጠፋል።

«ሰውነቱ ራሱ ድንጋይ ሆነ»

አብዛኛውን ጊዜ የቀረው የሰውነቱ ማኅተም ብቻ ነው፤ የሚታየውም በላይኛው የድንጋይ ንጣፍ ሆድ (የታች ገጽ) ላይ ነው። ስለዚህ ንጣፉን ሳይገለብጥ የላዩን ገጽ ብቻ የሚጠርግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ዲኪንሶኒያ ጠንከር ያለ ስለነበር ቅርፊቱ እስኪደርቅ ችሎ ቆየ፤ ስለዚህ በንጣፉ ሆድ ላይ ጎድጎድ ያለ ቅርጽ ትቷል። ቶሎ የሟሸሹትን ግን ከላይ የወረደው አሸዋ ስለሞላቸው ጉብ ብለው ይታያሉ። ስፕሪግ «ጄሊፊሽ ናቸው» ያላቸው ብዙዎቹ ክብ ቅርጾች ዛሬ የቅጠል መሰል ፍጥረታት መቆሚያ እንደሆኑ ይታመናል። በቀትር ፀሐይ ቅርጾቹ ለዓይን አይታዩም፤ ጠዋት ወይም ማታ፣ አለዚያም መብራት ከጎን ዝቅ አድርጎ መያዝ ይሻላል። ባለሙያዎች «የዝሆን ቆዳ» የሚሉት ሽብሽብ ገጽ ካለ ምንጣፉ እዚያ እንደነበር ጥሩ ምልክት ነው።

በሩሲያ ነጭ ባሕር አካባቢ ግን ዲኪንሶኒያ ስስ የሰውነት ቅሪት ጭምር ትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የኮሌስትሮል ቅሪት የተገኘው ከዚያ ነው።

«ፓይራይት ካልታየ ማብራሪያው ውድቅ ነው»

ገላጣ ድንጋይ ላይ ፓይራይት ዝጎ ይጠፋል፤ የሚቀረው ቀይ የብረት ዝገት ነው። ዝገቱን ግን ኋላ የመጣ የከርሰ ምድር ውሃም ሊያመጣው ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አሸዋውን ቀድሞ ያጣበቀው በባሕሩ ውሃ የሟሟ ሲሊካ (አሸዋ በብዛት የሚሠራበት ማዕድን) ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

«እንዲህ ያለው ምንጣፍ ከምድር ጠፍቷል»

አልጠፋም። በምዕራብ አውስትራሊያ ሻርክ ቤይ ባሉ በጣም ጨዋማ ውሃዎች ዛሬም አለ፤ ጨዉ ምንጣፉን የሚግጡትን እንስሳት ያርቅለታል። በተለመደው የባሕር ወለል ላይ ግን ከካምብሪያን ዘመን መጀመሪያ፣ ከ539 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ጋጮችና ወደ ታች የሚቆፍሩ እንስሳት እየበዙ ሄዱ፤ ቁፋሯቸው ኦክስጅኑን መልሶ ወደ አሸዋው ያስገባል።