አማኑኤል ሆስፒታል፦ የአንጎል ሕመም የሚታከምበት ግቢ

አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚገኘው በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመርካቶ ብዙ ሳይርቅ ነው። የታክሲ ረዳቱ "አማኑኤል! አማኑኤል!" እያለ ሲጣራ ሰፈሩን ማለቱ ነው። አዲስ አበቤ ግን ስሙን ለሌላም ያውለዋል። ነገሩ ያላማረ ሰው "አማኑኤል ግባ" ይባላል። ይህን ስድብ ፈርቶ ሕክምናውን የሚሸሽ ሰው አለ። ያሳዝናል፤ ስሙ የሚያስከብር ነውና።

እዚህ የሚታከሙት ስኪዞፍሬንያ (ከእውነታው የሚያራርቅ ሕመም)፣ ባይፖላር (ስሜት ከመጠን በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም)፣ ከባድ ድብርትና ሱስ ናቸው። የሚጥል በሽታም ይታያል። ሁሉም የሚነኩት አንድ አካል ነው። አንጎል ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ቢሆንም ጉልበታችንን እስከ 20 በመቶ ይበላል። ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉት። አማርኛችን ሐሳብን ለልብ፣ ሐዘንን ለሆድ ሰጥቷል፤ "ልቤ ጠረጠረ"፣ "ሆዴ ባባ" እንላለን። "ናላዬ ዞረ" ስንል ግን ትክክለኛውን ቦታ ጠቁመናል።

የምናየውንና የምንሰማውን የሚያሰናዳው አንጎል ነው። ማንም ሳይናገር ድምፅ የሚሰማው ሕመምተኛ አይዋሽም። ድምፅ ሲሰማ የሚነቁት የአንጎል ክፍሎች ያለ ተናጋሪም ሲነቁ ታይቷል። ስለዚህ "ማንም የለም እኮ!" እያሉ መከራከር አይጠቅምም። ለእሱ ድምፁ አለ።

ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል እዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን የተባሉት መድኃኒቶች የሚሠሩት የእሱን ሥራ በመግታት ነው። ይኸው ኬሚካል እንቅስቃሴንም ይመራል። መድኃኒት የጀመረ ሰው ሻይ ሲያነሳ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ የሚሰማው ለዚህ ነው። ቤተሰብ "መድኃኒቱ አደነዘዘው" ብሎ ያስቆመዋል። ባያስቆሙት መልካም ነው። ሐኪሙ መጠኑን ይቀንሳል፣ ወይም የመንቀጥቀጡን ማስታገሻ ይጨምርለታል።

ጫትም ዶፓሚንን ያበዛል። ብቻውን ሕመም ያመጣል ወይ የሚለው ያከራክራል። የታመመን ሰው ሕመም እንደሚያባብስ ግን በግልጽ መነገር አለበት።

ሆስፒታሉ የተቋቋመው በ1930 ዓ.ም.፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። በንጉሡ ዘመን የሆላንዱ ሐኪም ሮበርት ጊል ስለ አገራችን የአእምሮ ሕመም ጥናቶችን ጽፏል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1980 ዓ.ም. ገደማ፣ በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የአእምሮ ነርሶች ሥልጠና በአማኑኤል ሲጀመር ነው። ከዚህ የወጡ ነርሶች በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል ተመደቡ። ሐኪም በሌለበት መርምረው መድኃኒት የሚያዝዙት እነሱ ነበሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ከአዲስ አበባ የወጣው በእነዚህ ነርሶች ትከሻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየዞሩ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ጠየቁ። በስኪዞፍሬንያ የተያዙት አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ቀምሰው የማያውቁ ነበሩ። ቀጥሎ በ1995 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የአእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ጀመረ። ያኔ በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ያህል ብቻ ነበሩ። የካናዳ መምህራን ለአንድ ለአንድ ወር እየመጡ ያስተምሩ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ1998 ዓ.ም. ወጡ። ውጭ ሄዶ መቅረት በበዛበት ጊዜ፣ እዚሁ ተምሮ እዚሁ ማከም ቀላል ነገር አልነበረም።

ብዙው ሕመምተኛ አማኑኤል ከመድረሱ በፊት ጠበል ተጠምቋል። አንዳንዶች ጠበሉና ክኒኑ አብረው አይሄዱም ይላሉ። በሕክምናው በኩል አብረው ለመሄዳቸው እንቅፋት የለም፤ እንጦጦ ላይ ሐኪሞችና ካህናት ተባብረው የሠሩበትም ጊዜ አለ። ሕመምተኛን በሰንሰለት ማሰር ግን ከየትም ይምጣ ጉዳት ነው።

ዛሬ ቅዱስ ጳውሎስ፣ ዘውዲቱና የካ ኮተቤም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ከከተማዋ በስተምዕራብ ያለው ገፈርሳ ደግሞ የማገገሚያ ማዕከል ነው። ከሩቅ የሚመጣው አስታማሚ ግን አሁንም "አማኑኤል የት ነው?" ብሎ ነው የሚጠይቀው።