የማንፈልጋቸው የቤት እቃዎች ወዴት ይሂዱ፦ ስለ መስጠት፣ ሪሳይክል ማድረግና መጣል

ቤት ውስጥ የማንፈልገው እቃ ሲጠራቀምብን ባብዛኛው የሚታየን ሁለት ነገር ነው፣ ወይ ለሰው እንሰጠዋለን ወይ እንጥለዋለን። በመሃል ያለው ግን ሰፊ ነው። በቆሻሻ አያያዝ ስራ ላይ ያሉ ሰዎች የሚሄዱበት ቅደም ተከተል አለ፣ መጀመሪያ እቃውን መጠቀም መቀጠል፣ ከተበላሸ ማስጠገን፣ አሁንም ካልተፈለገ ለሚጠቀምበት ሰው ማስተላለፍ፣ ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ ሪሳይክል ማድረግ፣ መጣል ደሞ መጨረሻ ላይ። ሪሳይክል እንደዛ ወደ ኋላ መምጣቱ ብዙ ሰው ይገርመዋል ግን ምክንያት አለው፣ አንድ ስልክ ተፈጭቶ ወይ ቀልጦ ወደ ጥሬ እቃነት ሲመለስ እሱን ለመስራት የወጣው ሃይልና ድካም አብሮ ይጠፋል፣ ሌላ ሰው እንዳለ ቢጠቀምበት ግን ያ ሁሉ ይተርፋል።

ጥገናውን በተመለከተ በ2009 (እዚ ጽሁፍ ላይ ያሉት አመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ማርቲነ ፖስትማ የምትባል ሴት አምስተርዳም ላይ ሪፔር ካፌ ሚባል ነገር ጀመረች፣ ሰው የተበላሸ እቃውን ይዞ ይመጣል፣ እጅ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች ደሞ አብረውት ቁጭ ብለው ይጠግኑለታል። ሃሳቡ አሁን ብዙ ሃገር ደርሷል። ብዙ ጊዜ ችግሩ ገመድ ወይ ፊውዝ ወይ የላላ ብሎን ሆኖ ይገኛል።

መስጠት ከሁሉም ቀላል ይመስላል፣ በኔ እይታ ግን ብዙ ስህተት የሚሰራው እዚ ጋር ነው። ለመጣል የከበደንን ነገር "ለተቸገረ ሰው ይሆናል" ብለን በከረጢት አስረክበን እፎይ እንላለን፣ የተቀደደው ልብስና ሶሉ የተገነጠለው ጫማ ግን እዛም ሄዶ መጣሉ አይቀርም፣ ልዩነቱ የማስወገጃውን ወጪ የሚከፍለው በጎ አድራጎት ድርጅቱ መሆኑ ብቻ ነው። የሚገርመው ነገሩ ሲጀመር እንደዚ አልነበረም፣ በ1902 ቦስተን ውስጥ ኤድጋር ሄልምስ የሚባል የሜቶዲስት ቤተክርስቲያን አገልጋይ ጉድዊል የሚባለውን በጎ አድራጎት ድርጅት ሲጀምር ካላቸው ሰዎች ያረጀ እቃና ልብስ ይሰበስብና ስራ ያጡ ሰዎችን ቀጥሮ ያስጠግን ነበር፣ ከዛ ነው የሚሸጠው። ማለትም እቃው ከመሸጡ በፊት መሃል ላይ የሚሰፋና የሚጠግን ሰው ነበር። ዛሬ የሚሰጠው ልብስ ብዛት በዛ አይነት አሰራር የሚቻል አደለም፣ እዛው ያልተሸጠው ታስሮ ወደ ሌላ ሃገር ይላካል፣ የጋና ዋና ከተማ አክራ ያለው የካንታማንቶ ገበያ ለምሳሌ ከአውሮፓና ከሌላም የሚመጣ ልባሽ ጨርቅ የሚራገፍበት ነው፣ ከሚመጣው ውስጥ ማንም የማይገዛው ክፍል ቆሻሻ ሆኖ እዛው ይቀራል፣ ባህር ዳርቻው ድረስ የሚደርስም አለ።

ስለዚህ ከመስጠት በፊት አንድ ጥያቄ በቂ ነው፣ ይሄንን ለማውቀው ሰው ሳላፍር በእጄ እሰጠዋለሁ ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ልብሱን አጥቦ በደንብ ማድረቅ (እርጥብ የገባ አንድ ልብስ ሻግቶ ሙሉ ከረጢቱን ያበላሻል)፣ ጫማን ግራና ቀኙን አንድ ላይ ማሰር፣ የኤሌክትሪክ እቃን ሰክቶ መሞከርና ገመዱንም አብሮ መስጠት፣ ኪስ መፈተሽ። ድርጅት ከሆነ ደሞ ቀድሞ ደውሎ ምን እንደሚቀበሉ መጠየቅ ነው፣ በር ላይ ማታ አስቀምጦ መሄድ መስጠት አይባልም፣ ዝናብ ከመታው በቃ ቆሻሻ ነው። ከሰው ለሰው በቀጥታ መስጠት ለትላልቅ እቃ የተሻለ ነው፣ በ2003 አሜሪካ አሪዞና ውስጥ ቱሳን ከተማ ላይ የተጀመረው ፍሪሳይክል ይሄን በኢንተርኔት አስለምዷል፣ የምትሰጠውን ትጽፋለህ፣ የፈለገ መጥቶ ይወስዳል። እዚ ጋር ስለ እቃው ጉድለት እውነቱን መጻፍ ያስፈልጋል፣ "አንድ እግሩ ይነቃነቃል" ቢባል የሚወስደው ሰው አይጠፋም።

ጥሩ ቢመስሉም የማይሰጡ አሉ። አደጋ ያየ የሞተር ወይ የሳይክል ሄልሜት፣ አደጋ ያየ ወይ ላዩ ላይ የተጻፈበት ጊዜ ያለፈ የህጻናት የመኪና ወንበር፣ እነዚ ከውጪ ሳይታይ ውስጣቸው ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ጎኑ ወደ ታች የሚወርድ የህጻን አልጋ ደሞ ልጆች ተጣብቀው ስለሞቱበት አሜሪካ ከ2011 ጀምሮ እንዳይመረትና እንዳይሸጥ ከልክላለች። ትኋን የገባበት ፍራሽና ሶፋም ለሰው የሚሰጠው ትኋኑን ጭምር ነው።

ወደ ሪሳይክል ስንመጣ፣ ሶስቱ የሚዞሩ ቀስቶች ያሉበትን ምልክት በ1970 ጋሪ አንደርሰን የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለውድድር የሳለው ነው። ፕላስቲክ ስር ያለው ከ1 እስከ 7 ቁጥር ግን በ1988 የፕላስቲክ ኢንዱስትሪው ያመጣው መለያ ሲሆን የሚነግረን ፕላስቲኩ ከምን እንደተሰራ ብቻ ነው እንጂ "ይሄ ሪሳይክል ይደረጋል" ማለት አደለም፣ ቀስቱን አይቶ ሁሉንም የሚጨምር ሰው የሚሳሳተው እዚ ላይ ነው። 1 ቁጥር (የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ) እና 2 ቁጥር (የሳሙናና የሻምፑ እቃ) ብዙ ቦታ ተቀባይ አላቸው፣ 3 እና 6 ግን እምብዛም ናቸው። አሉሚኒየም ከሁሉም ያዋጣል፣ አሮጌውን አቅልጦ መስራት ከማእድኑ አውጥቶ ከመስራት 95 በመቶ ያህል ሃይል ይቆጥባል፣ ጥራቱም አይወርድም። የጠርሙስ ብርጭቆም እንደዛው ነው፣ መስታወትና ምድጃ ውስጥ የሚገባ ሙቀት የሚችል ብርጭቆ ግን የሚቀልጥበት ሙቀት ስለሚለይ ከጠርሙስ ጋር መቀላቀል የለበትም። ወረቀት የተሰራበት ቀጭን የእንጨት ክር እያጠረ ስለሚሄድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ነው የሚመላለሰው፣ ቅባት የነካው ካርቶን ደሞ ባብዛኛው ቦታ አይወሰድም።

"ምናልባት ይሆን ይሆናል" ብሎ መጨመር ጥሩ ሃሳብ ይመስላል ግን ጉዳቱ ያይላል። ፌስታል መለያ ማሽኑ ላይ ተጠምጥሞ ስራ ያስቆማል፣ ያልታጠበ እቃ ደሞ ንጹህ የነበረውን ወረቀት ያበላሻል። ቻይና በ2018 የውጪ ፕላስቲክ ቆሻሻ መቀበል ስታቆም የሃብታም ሃገራት ሪሳይክል የተንገጫገጨው በዚም ምክንያት ነው፣ ለአመታት ይላክ የነበረው ውስጡ ብዙ ቆሻሻ የተቀላቀለበት ነበር።

ኤሌክትሮኒክስ ለብቻው ይታይ። በ2022 አለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ተፈጥሯል፣ በወጉ ተሰብስቦ ሪሳይክል መደረጉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። የሚባክነው ቀላል ነገር አደለም፣ ጃፓን ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ከ2017 እስከ 2019 ከህዝቡ 78,985 ቶን አሮጌ እቃ ሰብስባ (6.21 ሚሊዮን ስልክ አለበት) 32 ኪሎ ወርቅ አወጣችበት፣ 5,000 ያህሉን የኦሎምፒክና የፓራሊምፒክ ሜዳሊያዎች የሰራችው ከዚ ስብስብ በወጣው ወርቅ፣ ብርና ነሃስ ነው። በተቃራኒው መዳቡን ለማውጣት ሽቦ ሜዳ ላይ ሲቃጠል ከፕላስቲኩ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣል፣ የሚተነፍሰውም አቃጣዩና ጎረቤቱ ነው። በ1989 የጸደቀው የባዝል ስምምነት አደገኛ ቆሻሻ ያለተቀባዩ ሃገር ፈቃድ ድንበር እንዳያልፍ ያደርጋል፣ ከጥር 2025 ጀምሮ ደሞ አደገኛ ነው የተባለውም ያልተባለውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ በሙሉ እዚ ውስጥ ገብቷል።

ስልክ ወይ ላፕቶፕ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ባካፕ (ፋይሉን ሌላ ቦታ ኮፒ ማድረግ)፣ ከዛ ከአካውንት መውጣት፣ ከዛ ፋክተሪ ሪሴት (ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ማድረግ)፣ በዚ ቅደም ተከተል። ከአካውንቱ ሳይወጡ ሪሴት ያደረጉት ስልክ ለተቀባዩ ተቆልፎ ሊቀርበት ይችላል። ሲምና ሚሞሪ ካርድ ማውጣት እንዳይረሳ። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ፋይሉን ዲሊት ማድረግ ብቻ ዳታውን አያጠፋውም፣ በላዩ ላይ ሌላ የሚጽፍ ሶፍትዌር ያስፈልጋል፣ የማይሰራ ዲስክ ከሆነም መስበር ነው።

በምንም አይነት ከተራ ቆሻሻ ጋር የማይቀላቀሉም አሉ። የሊቲየም ባትሪ ቆሻሻ መኪና ውስጥ ሲጨፈለቅ እሳት ያስነሳል፣ ስለዚህ ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ ባትሪ ወደሚሰበሰብበት መውሰድ፣ ያበጠ ከሆነ ደሞ አለመብሳትና አለመጫን። ረጃጅሙ ነጭ አምፖልና ጥምዝምዙ ሃይል ቆጣቢ ውስጣቸው ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ አለ፣ ቢሰበር መስኮት ከፍቶ ለተወሰነ ደቂቃ ከክፍሉ መውጣት፣ ከዛ በጠንካራ ወረቀት ሰብስቦ ክዳን ባለው እቃ ማሸግ ነው፣ ቫኪዩም ማጽጃ አየሩ ላይ ስለሚበትነው አይሆንም። አሮጌ ፍሪጅ ጋዙ በባለሙያ መውጣት አለበት፣ የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ያስቆማቸው ኦዞን የሚጎዱ ጋዞች በድሮዎቹ ውስጥ አሉ፣ በሩንም መንቀል ያስፈልጋል፣ ህጻናት ገብተው ታፍነው የሞቱበት ታሪክ ስላለ። በነገራችን ላይ ፍሪጅ "ይጠቀሙበት" የሚለው ምክር ሁልጊዜ የማይሰራበት እቃ ነው፣ በጣም ያረጀው የሚበላው ኤሌክትሪክ ብዙ ነው።

ጊዜው ያለፈ መድሃኒት የሚቀበል ፋርማሲ ካለ ወደዛ፣ ከሌለ ሳይፈጩት ከአፈር ጋር ቀላቅሎ በታሸገ ፕላስቲክ መጣል፣ ሽንት ቤት ውስጥ መድፋት ውሃውን ይበክላል። በውሃ የሚቀጠን ቀለም ትንሽ ከተረፈ አሸዋ ወይ ሰጋቱራ ጨምሮ ማድረቅ ይበቃል፣ በዘይት የሚሰራው ግን አደገኛ ቆሻሻ ነው፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይትም እንደዛው። የጽዳት ኬሚካሎች ተራፊ አንድ እቃ ውስጥ አይገለበጥም፣ በረኪና ከአሞኒያ ወይ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ይሄ ሁሉ ተጣርቶ የሚቀረው የእውነት ቆሻሻ ነው። የተሰበረ ሳህን፣ ብርጭቆና መስታወት ከሆነ በጋዜጣ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ከቶ ላዩ ላይ "ስባሪ" ብሎ መጻፍ፣ የሚያነሳውን ሰው እጅ እንዳይቆርጥ።