«ሞቅ ሲለው ነው የሚያምርበት» ለምትሉኝ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ፣ በዕረፍት ሰዓት ቤዝ ጊታሬን አስደግፌ ከመድረክ ስወርድ አንድ ደንበኛ ክንዴን ያዝ አደረገኝ። ለዘፋኛችን ደብል ጂን ልኮለት እኔ መልሼበት ነበር። «ጋሼ፣ ምን ያካብድሃል?» አለኝ። «ጆርጅ ጆንስ እኮ ‹ዋይት ላይትኒንግ›ን የዘፈነው ጥንብዝ ብሎ ነው። አንደኛ ወጣበት አይደል እንዴ!» ስልኩን አውጥቶ ዘፈኑን ሊያሰማኝ ቃጣው። ለእኔ! ያንን የቤዝ መስመር ስንት ዓመት ስለፋበት ለኖርኩት ሰው!

የሰውዬው ጥፋት ብቻ አይደለም። በጂም ሪቭስና በዶን ዊሊያምስ ካሴት ያደገ የአዲስ አበባ ሰው ብዙ ነው፤ ካንትሪ፣ ያ የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ፣ ሲነሳ ሁሉም አንድ ታሪክ አያጣም። የዚህ የአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ የጆርጅ ጆንስ ነጠላ ዜማ ታሪክ ግን በየጠረጴዛው እየተቀባበለ መልኩ ጠፍቷል። ስለዚህ አንዴ ጽፌ ልገላገል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ስለ መብረቅ የተዘፈነ ነው።» አይደለም። «ዋይት ላይትኒንግ»፣ በእኛ «ነጭ መብረቅ»፣ የአረቄ ስም ነው። በበርሜል ሳይቆይ፣ ቀለም ሳይዝ፣ ውኃ መስሎ የሚወጣ የበቆሎ አረቄ። በዘፈኑ ውስጥ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች አባት አረቄ ያወጣል፣ ልጅ ይተርካል፣ የመንግሥት ሰዎች ቦታውን ያስሳሉ። አንድ ከተሜም «እኔ ጠንካራ ነኝ» ብሎ መጥቶ አንዴ ተጎንጭቶ ይዘረራል። የደብረ ብርሃንን አረቄ በባዶ ሆዱ የሞከረ ሰው ትርጉም አያስፈልገውም።

«የሚያሳድዷቸው መጠጥ በአዋጅ ስለተከለከለ ነው።» በአሜሪካ የመጠጥ ክልከላው የተነሳው በ1933 ነው። ዘፈኑ በ1959 ሲወጣ 26 ዓመት ሆኖታል። የሚያሳድዷቸው ለቀረጥ ነው፤ ጉዳዩ ገንዘብ ነው።

«ደራሲው በአውሮፕላን አደጋ ስለሞተ ሰው አዝኖ ገዛው።» ደራሲው ጄ. ፒ. ሪቻርድሰን ነው፣ በመድረክ ስሙ ቢግ ቦፐር። በቴክሳስ ቦሞንት የሬዲዮ ሰው ነበር፤ ጆንስም በዚያው ከተማ ሬዲዮ ሠርቷል፣ ትውውቃቸው የቆየ ነው። ሪቻርድሰን ከሮክ ዘፋኞቹ ከባዲ ሆሊና ከሪቺ ቫለንስ ጋር የሞተው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 ነው፤ ሸክላው የወጣው ፌብሩዋሪ 9። ስድስት ቀን። ሐዘን ቢሆን የሸጠው፣ ያለቀሰው የሮክ አድማጭ ነበርና በፖፑ የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ ባየነው። እዚያ ግን ከ73ኛ አላለፈም። አንደኛ የወጣው በካንትሪው ሰንጠረዥ ነው፣ ያውም አምስት ሳምንት፤ ለጆንስ የመጀመሪያው አንደኛ። የካንትሪ አድማጭ ዘፈኑን ወዶት ነው የገዛው፣ በቃ።

«ጆንስ በዚህ ዘፈን ካንትሪን ከዳ።» ይቺ ደግሞ የአዋቂ ነን ባዮች ናት። ስለ ጆንስ የሚያውቁት በ1980 ያወጣውን፣ እስኪሞት ድረስ ስላፈቀረው ሰውዬ የሚያወራውን የለቅሶ ዘፈን ብቻ ስለሆነ፣ ፈጣን ሲሰሙ ይደነግጣሉ። ሰውዬው ገና በ1956 ተምፐር ጆንስ በሚል ስም ሮካቢሊ፣ የካንትሪና የሮክ ቅይጥ፣ ቀርጾ ነበር። ኋላ እነዚያን ሸክላዎች እንዳልወደዳቸው ራሱ ተናግሯል፤ ግን ቀርጿል። ደግሞስ ከየት ወደ የት ነው የሚከዳው? ቢል ሄሊ ሮክ ኤንድ ሮልን ዓለም ላይ ከማስጮሁ በፊት የካውቦይ ባርኔጣ ያጠለቀ የካንትሪ ባንድ መሪ ነበር። የሮኩ ቸክ ቤሪ በ1955 የወጣበት የመጀመሪያ ዘፈን ከድሮ የገጠር የቫዮሊን ዜማ የተነሳ ነው። ኤልቪስ በ1954 ሜምፊስ ላይ ያወጣው የመጀመሪያ ሸክላ በአንድ ገጹ የጥቁሮች ብሉዝ፣ በሌላው ገጹ የቢል ሞንሮ ብሉግራስ፣ አንድ የካንትሪ ዓይነት፣ ነበረበት። አንድ ሸክላ፣ ሁለት ገጽ። አምባሰልን በሳክስፎን የተጫወተ ሰው ወሎን ከዳ ይባላል?

በነገራችን ላይ በዚያ የኤልቪስ ሸክላ ላይ ድራም የለም። ድራመሩ ቤዙ ነው። ቢል ብላክ የቆመውን ትልቅ ቤዝ ጅማት እየሳበ ይለቀዋል፣ ጅማቱ ተመልሶ እንጨቱን ይመታል፣ በመሃል መዳፉን ያሳርፍበታል፤ ያ «ጠቅ-ጠቅ» ነው እግራችሁን የሚያነቃንቀው። ስለ ቤዝ ማንም አይጠይቀኝም፣ ስለዚህ ሳልጠየቅ ነገርኳችሁ።

አሁን ወደ ደሜ ወደሚያፈላው ልምጣ። «ስካሩ ነው ዘፈኑን ያሳመረው።»

እውነት ነው፣ ጆንስ በ1958 በካንትሪ መዲናዋ በናሽቪል ኦውን ብራድሌይ ስቱዲዮ የገባው ጠጥቶ ነው። ራሱ በግለ ታሪኩ አልደበቀውም። ግን የታሪኩን ቀሪ ማን ይንገራችሁ? ያ ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን ከ80 ጊዜ በላይ ተደጋግሞ ነው የተቀረጸው። ሰማንያ! ዛሬ ድራሙ ለብቻው፣ ቤዙ ለብቻው፣ ድምፁ ለብቻው በየትራኩ ይገባል፤ ዘፋኙ ቢሳሳት እሱን ቃል ብቻ ቆርጦ መተካት ነው። ያኔ ሁሉም በአንድ ክፍል አብሮ ይጫወታል። ዘፋኙ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ምላሱ ከተሳሰረ ፒያኖውም፣ ጊታሩም፣ ቤዙም፣ ድራሙም «ከመጀመሪያ!» ነው። ናሽቪል ውስጥ የተለመደው የቀረጻ ክፍለ ጊዜ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ደህና ባንድ በዚያ ውስጥ አራት ዘፈን ያወጣል። ሰማንያው ሁሉ እስከ መጨረሻ ቢሄድ ኖሮ አንዱ ዘፈን ብቻውን ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይበላ ነበር።

ቤዙን የያዘው ባዲ ኪለን ነበር። ጣቶቹ ውኃ ቋጠሩ። ትቼ እሄዳለሁ ብሎ ዛተ፤ ጆንስን እመታዋለሁ እስከ ማለትም ደረሰ። አልፈርድበትም። የቆመ ቤዝ ጅማት ምን እንደሚመስል ለማያውቅ፦ የልብስ ማስጫ ገመድ አጥብቃችሁ ወጥራችሁ ሲሶ ቀን በሁለት ጣት እየሳባችሁ ልቀቁት፣ ከዚያ እናውራ። አሁን ዘፈኑን ክፈቱና ከድምፁ ሥር ስሙ። ቤዙ አይነቃነቅም። በዐይነ ስውሩ ሃርገስ ሮቢንስ ጣት ሥር ፒያኖው ይዘልላል። ስካሩን እነሱ ናቸው የተሸከሙት።

«ታዲያ ከተሜው አንዴ ሲጎነጭ፣ ‹ስለግ› የሚለው ቃል ላይ ሲንተባተብ ይሰማል አይደል?» ይሉኛል፣ ማስረጃ ያገኙ ይመስል። ይሰማል፣ ሸክላው ላይ ቀርቷል። ስህተቱ ያማረው በዙሪያው ያለው ሁሉ ልክ ስለሆነ ነው። ኋላ በመድረክ ላይ ሆን ብሎ እንደዚያው ይንተባተብ ነበር፤ ሆን ብሎ መንተባተብ ደግሞ የጤነኛ ሰው ሥራ ነው።

የራሴን ላውጋችሁ። ከዓመታት በፊት አብሮን የሚሠራ ልጅ ነበር፣ ድምፁ ማር። «አንድ ብቻ፣ ጉሮሮዬን ላሙቅ» ይል ነበር። አንድ ሠርግ ላይ ሦስተኛውን ዘፈን ከምናውቀው ቶን ዝቅ ብሎ ጀመረው። ኪቦርዲስታችን ወዲያው ቶኑን ቀየረ፣ እኔ ተከተልኩ፣ ሊድ ጊታሩ ሁለት መስመር ዝም አለ። መሃል ላይ ግጥሙ ጠፋበት፤ ድራመሩ መግቢያውን አራት ጊዜ አዞረለት። ታዳሚው «ዛሬማ ሞቅ ብሎት አበደ!» እያለ ብር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። እኛ ኋላ ቆመን ሸሚዛችን በላብ ርሷል። ልጁ ጭብጨባውን ሰማ፣ ከጭብጨባውም ተማረ። በቀጣዩ ዓመት ሁለት፣ ከዚያ ግማሽ ጠርሙስ። ዛሬ አይዘፍንም። ስልክ ስደውልለት ያነሳል፣ ስለ ሙዚቃ ግን አናወራም።

ስለዚህ ዘፋኞች፣ በተለይ ጀማሪዎች፦ መጠጡ ድምፃችሁን አያሳምረውም፤ የሚያሳምረው ለእናንተው ጆሮ ነው። ከማመናችሁ በፊት የሰከራችሁበትን ማታ በስልክ ቅዱና ጠዋት ስሙት። ከመድረክ በፊት ቀለል ያለ ነገር ብሉ፣ ውኃ ያዙ፣ ሳውንድ ቼክ ላይ በሰዓቱ ድረሱ፤ ጉሮሮ የሚሞቀው ዝቅ ካለው ድምፅ ጀምሮ አሥር ደቂቃ በማንጎራጎር ነው። ግጥሙን በቃላችሁ ያዙት። ደንበኞችም፣ ደስ ካላችሁ ሸልሙ፣ ድራመሩንም አስታውሱ፤ ብርጭቆ ግን አትላኩ።

የጆንስን መጨረሻም ሳትነግሩ ወሬውን አትቁረጡት። ሚስቱ የመኪና ቁልፍ ስትደብቅበት በሣር ማጨጃ እየነዳ መጠጥ ፍለጋ ስለመሄዱ ትስቃላችሁ፤ በቀረባቸው ኮንሰርቶች ብዛት «የማይገኘው ጆንስ» የሚል ስም እንደወጣለት አታወሩም። በማርች 1999 ሰክሮ ሲነዳ መኪናው ድልድይ ላይ ተጋጭቶ ለጥቂት ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ተወው። በ2013 በ81 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ከ10 ዓመት በላይ ሳይጠጣ ዘፍኗል። ውኃ የቋጠሩት የኪለን ጣቶችም ዳኑ፤ ሰውዬው ኋላ የናሽቪል ትልቅ የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት ባለቤት ሆኖ በ1989 ለሲቢኤስ ሸጦታል።

ቅዳሜ ማታ በሁለተኛው ዙር ዘፈኑን ተጫወትነው። ዘፋኛችን ያቺ ቃል ላይ ሲደርስ ልክ እንደ ሸክላው ተንተባተበ። ደንበኛዬ ከጠረጴዛው ብድግ ብሎ ወደ ዘፋኙ ብርጭቆ እየጠቆመ ጠቀሰኝ። ብርጭቆው ውስጥ የነበረው ዝንጅብል ሻይ ነው።