«ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል»፦ ትርጉሙና መነሻው

«ሸማ በየፈርጁ ይለበሳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ማንኛውም ነገር የራሱ ወግ፣ የራሱ ጊዜና የራሱ አያያዝ እንዳለው ያስረዳል። ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ ወላጅ በትልቅ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ ያደረገ ልጁን ሲመክር፣ ወይም የሰርግ ቤት ጨዋታውን ለቅሶ ቤት ይዞ የገባ ሰው ሲገሠጽ ይነገራል። ቀልዱም ቁጣውም ቦታ ቦታ አለው ለማለት ነው።

የአባባሉ መነሻ ሩቅ አይደለም፤ በእሑድ ማለዳ በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ለሚያስተውል ሰው ዛሬም በዓይን የሚታይ ነው። ለጸሎት የሚገቡት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው፣ ጫፎቹን በግራና በቀኝ ትከሻቸው ላይ ጥለው ይገባሉ። ሐዘን የደረሰባት ሴት ያንኑ ነጠላ ገልብጣ ጥለቱን ወደ አንገቷና ወደ ትከሻዋ ታደርገዋለች፤ በዓል ሲሆን ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ በግልጽ ይታያል። በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ወይም በድግስ ቤት እንግዳ የሚያስተናግድ ደግሞ ሸማውን ወገቡ ላይ ያደገድጋል። ሰውየው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ደስታ ላይ ይሁን ሐዘን ላይ፣ ለጸሎት ይምጣ ለአገልግሎት፣ ከአለባበሱ ይታወቃል። አባባሉ የተወለደው ከዚህ ወግ ነው።

አንዳንዶች ይህን አባባል እንደ ጊዜው መገለባበጥ ብልህነት ነው ለማለት ሲጠቅሱት እሰማለሁ፤ እኔ ግን አልቀበለውም። የሚለዋወጠው አለባበሱ እንጂ ሸማው አይደለም፤ በለቅሶም በሰርግም ያው ንጹሕ ጥጥ ነው። እንዲያውም ፈርጁ የሚጀምረው ከመልበስ በፊት፣ ከማጠብና ከመተኮስ ይመስለኛል፤ ያደፈና የተጨማደደ ነጠላ ምንም ያህል በወጉ ቢጣፋ ወጉን አይሞላምና።

በእጅ የተሠራ ሸማ ከፋብሪካ ጨርቅ የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። ማጉ በእንዝርት የተፈተለ ከሆነ አከራሩ ላላ ያለ ስለሆነ፣ ሲታጠብ በመዳፍ እየተጫነ ውሃው ይወጣለታል እንጂ አይጠመዘዝም። በረኪና ነጩን ለጊዜው ቢያነጣውም ክሩን ያደክማል፣ የጥለቱንም ቀለም ይበላል። የቀድሞዎቹ እናቶች የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ተክሉ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ያወቁት ከዚሁ ከልብስ አጠባ ተነሥተው ነው። ቢልሃርዚያ ለሚያሠጋው ለጣና ዳርቻ ነዋሪ ይህ ታሪክ ባዳ አይደለም።

መተኮሱ ግን ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ደስታ አለው። ነጠላው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ርጥበቱ ለእጅ በሚሰማበት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ በላዩ መዘርጋት ይገባል፤ ውሃው ክሩን ያለሰልሰዋል፣ ሙቀቱ ደግሞ እንደተዘረጋ ያደርቀዋል። ካውያው ከመሐል ወደ ዳር በቀስታ ሲሄድ መጨማደዱ ከፊቱ ይጠፋል፤ እንፋሎቱ የጥጡን ሽታ ይዞ ይነሣል፤ ሸማኔው መወርወሪያውን ያመላለሰበት እያንዳንዱ ማግ በመስመሩ ይታያል። በዚህ ጊዜ የሰው እጅ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ዓይን ያያል፣ ልብም ያርፋል። ከጣና በስተምሥራቅ ባለችው አውራምባ ወንዱም ሴቱም ይሸምናል፤ የእነዚያን ሰዎች ድካም በግዴለሽነት ማበላሸት ነውር ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥለቱ ጋ ሲደረስ የካውያው ሙቀት መቀነስ አለበት፤ አብረቅራቂው ክር ሰው ሠራሽ ከሆነ በሙቀት ይኮማተራልና ስስ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጎ ከጀርባው መተኮስ ይሻላል። ጥልፍ ያለው የሐበሻ ቀሚስም እንዲሁ ተገልብጦ፣ ከሥሩ ፎጣ ተነጥፎለት ይተኮሳል፤ አለዚያ ጥልፉ ይዳመጣል። በከሰል ካውያ የሚተኩስ ሰው አመዱን አስቀድሞ ማራገፍ አለበት፤ አንዲት የአመድ ብናኝ የአጠባውን ድካም ከንቱ ታደርጋለች። አራት ድርብ የሆነው ጋቢ ካውያ እምብዛም አይፈልግም፤ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ወጥሮ ካራገፈው በኋላ ሣር ላይ ይሰጣል፤ ገመድ ላይ ከተንጠለጠለ የያዘው ውሃ ክብደት ይጎትተዋል። ጥለት ያለው ልብስ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ውስጡ ወደ ላይ ይሁን፤ ቀለሙ ይበልጥ ይቆያል።

ለጥምቀት የሚቀመጠው ልብስ በክረምቱ ርጥበት እንዳይሻግት ደህና አድርጎ ሳይደርቅ ሣጥን አይገባም። ሲታጠፍም እጥፋቱ ጥለቱ ላይ እንዳይወድቅ፣ በሚቀጥለው ጊዜም በዚያው መስመር እንዳይደገም መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ክር ቶሎ የሚበጠሰው ሁልጊዜ በሚታጠፍበት ቦታ ነው።