ጂዲቢ ሰርቨር ምንድን ነው?

ላፕቶፕ ላይ የጻፍነው የሲ ፕሮግራም ሲወድቅ ብዙ አንቸገርም። ተርሚናል ከፍተን ጂዲቢ (GDB) የተባለውን የስህተት መፈለጊያ ፕሮግራም (ዲበገር) እናስነሳለን፤ የትኛው መስመር ላይ እንደወደቀ ያሳየናል። ማይክሮኮንትሮለር ላይ፣ ማለትም ፕሮሰሰርና ሚሞሪ አንድ ላይ በያዘ ትንሽ ቺፕ ላይ፣ ግን ነገሩ ይለያል። «ብሉ ፒል» በምትባለው ርካሽ ቦርድ ላይ ያለውን ኤስቲኤም32ኤፍ103 ቺፕ እንውሰድ። ራሙ 20 ኪሎባይት ብቻ ነው። ስክሪን የለው፣ ኪቦርድ የለው። ጂዲቢን የሚያህል ፕሮግራም እዚያ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ጂዲቢ ላፕቶፑ ላይ ይቀመጣል፤ ቺፑን የሚያናግርለት ደግሞ ሌላ ፕሮግራም ነው። ጂዲቢ ሰርቨር የሚባለው ይሄ ነው። በነጻ ከሚገኙት ውስጥ በጣም የታወቀው ኦፕን ኦሲዲ ነው፤ ዶሚኒክ ራት እ.ኤ.አ. በ2005 ጀርመን አገር አውግስቡርግ ውስጥ ለመመረቂያ ጽሑፉ የጀመረው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ጂዲቢ «ከዚህ አድራሻ 4 ባይት አንብብልኝ» ብሎ በፖርት 3333 (ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚገናኙበት የበር ቁጥር) ይጠይቃል። ኦፕን ኦሲዲ ጥያቄውን ተቀብሎ በዩኤስቢ ወደተሰካው ፕሮብ (ላፕቶፑንና ቺፑን የሚያገናኝ ትንሽ መሣሪያ)፣ ለምሳሌ ወደ ኤስቲ ሊንክ ይልካል። ፕሮቡ ከቺፑ ጋር የሚገናኘው በሁለት የሲግናል ሽቦዎችና በግራውንድ ነው፦ አንዱ ዳታ፣ አንዱ ክሎክ። ቺፑ ውስጥ ለዲበግ ብቻ የተሠራ ሃርድዌር አለ፤ ፕሮሰሰሩን ያስቆማል፣ ሚሞሪውን ያነባል። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

ሁለት ተርሚናል ያስፈልጋል። በአንዱ ኦፕን ኦሲዲ ይሠራል፣ በሌላው ጂዲቢ። «ታርጌት» በሚለው ትዕዛዝ ከሰርቨሩ ጋር እናገናኘዋለን። ከዚያ «ሞኒተር ሪሴት ሃልት» እንላለን፤ ቺፑ እንደ አዲስ ተነስቶ ወዲያው ይቆማል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ከ«ሞኒተር» በኋላ ያለውን ጂዲቢ አይተረጉመውም፣ እንዳለ ለሰርቨሩ ያቀብለዋል። «ሎድ» ስንል ፕሮግራሙ ፍላሽ ላይ፣ ማለትም ፓወር ሲጠፋም በማይጠፋው የቺፑ ሚሞሪ ላይ፣ ይጻፋል።

ጀማሪውን የሚያደናግረው ብሬክፖይንት፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲደርስ እንዲቆም ምልክት የምናደርግበት ቦታ፣ ነው። ላፕቶፕ ላይ የፈለግነውን ያህል መደርደር እንችላለን፤ ጂዲቢ ራም ውስጥ ያለውን ኮድ ለጊዜው ቀይሮ የማቆሚያ ትዕዛዝ ያስገባበታል። የማይክሮኮንትሮለሩ ኮድ ግን ያለው ፍላሽ ላይ ነው፤ ፍላሽ እንደ ራም ዝም ብሎ አይጻፍበትም። ስለዚህ ቺፑ ራሱ አድራሻውን እየተከታተለ ማቆም አለበት። ይህ ቺፕ የተሠራበት ኮርቴክስ ኤም3 ለዚህ ያለው ቦታ 6 ብቻ ነው። ሰባተኛው እምቢ ካለ ኮዳችሁን አትጠርጥሩ፤ አንዱን አጥፉና ቀጥሉ።

ከሁሉም በላይ የምወደው ግን ዋችፖይንት ነው። አንድ ቫሪያብል ማን እንደነካው ሳይታወቅ ዋጋው ይቀየራል እንበል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከጎኑ ያለው አሬይ ከልኩ አልፎ መጻፉ ነው። ኮዱን መስመር በመስመር ስናስስ ማምሸት እንችላለን። ዋችፖይንት ካደረግንበት ግን ልክ ሲነካ ቺፑ ይቆማል፣ ጥፋተኛው መስመር እጅ ከፍንጅ ይያዛል። በየቦታው ፕሪንትኤፍ ከመበተን ይህን መልመድ እጅግ ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፕሮሰሰሩ ቆመ ማለት ሁሉም ነገር ቆመ ማለት አይደለም። ዋችዶግ ታይመር (ፕሮግራሙ ደርቆ ከቀረ ቺፑን እንደ አዲስ የሚያስነሳ ቆጣሪ) መቁጠሩን ይቀጥልና በዲበግ መሃል ቺፑን ሪሴት ሊያደርገው ይችላል። ሞተር የሚነዳ ታይመርም እንዲሁ መሥራቱን ይቀጥላል። ኤስቲኤም32 ላይ እነዚህን አብረው እንዲቆሙ የሚያደርግ ሬጂስተር (የቺፑ መቼት የሚጻፍበት ቦታ) አለ፤ ሞተር ከመሰካታችሁ በፊት አስተካክሉት።

ይህን ሁሉ ቁልፍ በመጫን ብቻ የሚያደርግ አይዲኢ (ኮድ መጻፊያና ማስኬጃ ፕሮግራም) ሞልቷል፤ ከቁልፉ ጀርባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ይሄው ሰንሰለት ነው። «መገናኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ሰንሰለቱን የሚያውቅ ሰው የት እንደተበጠሰ ይለያል። ኦፕን ኦሲዲ ቺፑን ካላገኘ ጂዲቢን አትነካኩ፤ ሽቦዎቹን፣ በተለይ ግራውንዱን፣ ቀጥሎም ፓወሩን እዩ። ኦፕን ኦሲዲ ራሱ ፖርት 3333ን መክፈት ካቃተው ደግሞ፣ ቀድሞ ተከፍቶ የተረሳ ሌላ ኦፕን ኦሲዲ ፖርቱን ይዞት እንደሆነ ፈልጉ።