ወዴት ነህ?

ወንድማችን ካረፈ ዓመት ሞላው። መርማሪ ፖሊስ ነበር፣ የሦስት ልጆች አባት። ካንሰር ነው የወሰደው። ስሙን አልጽፍም። በቁሙም ሲያመሰግኑት መግቢያ የሚጠፋው ሰው ነበር።

ስለ እሱ ሳስብ ቶሎ ትዝ የሚለኝ አንድ ብርጭቆ ነው። አንድ ማታ ቤታቸው ተቀምጠን ስናወራ ከወጥ ቤት የሚሰበር ነገር ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ዝም። ትንሹ ልጅ እጁን ከኋላው ደብቆ፣ ግድግዳውን ታክኮ ሊያልፍ ሲል አየነው። እኔ እንኳ ገብቶኛል፤ ለመርማሪ ይሰወራል አይባልም። እሱ ግን "ማነው የሰበረው?" አላለም። "የት ጠፋህ? ናማ እስቲ" አለውና አጠገቡ አስቀመጠው። ወሬያችንን ቀጠልን። ጥቂት ቆይቶ ልጁ እጁን አወጣ። አውራ ጣቱ ተጭሯል። "አባዬ፣ እኔ ነኝ" አለ። ጣቱን አጠበለት፣ ፕላስተር ለጠፈለት። የብርጭቆው ነገር የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ልጁ ሲሄድ "ቢሮም እንዲህ ነው የምትመረምረው?" ብዬ ቀለድኩበት። "ቢሮ የምጠይቀው ስለማላውቅ ነው። እሱን የጠየቅኩት እንዲመጣልኝ ነው" አለኝ።

ዘፍጥረት 3ን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እንዲህ ግን አልገባኝም ነበር። አዳም ዛፍ መሐል ተደብቋል። እግዚአብሔር የት እንዳለ ያውቃል፣ ምን እንደበላም ያውቃል። ግን "ወዴት ነህ?" ብሎ ይጠይቀዋል። መልሱ ጠፍቶት አይደለም፤ አዳም ራሱ አፉን ከፍቶ እንዲወጣ ነው። በምዕራፍ 4 ደግሞ ለቃየን ሌላ ጥያቄ አለ፦ "ወንድምህ አቤል ወዴት ነው?" የመጀመሪያው የግድያ ምርመራ ብንለው ያስኬዳል። ቃየን ግን ልጁ ያደረገውን አላደረገም፤ እጁን እንደደበቀ ቀረ።

የእሱን ሥራ ሳስብ ዘዳግም 21ን አነሳለሁ፤ እምብዛም የማይሰበክበት ክፍል ነው። ሜዳ ላይ የተገደለ ሰው ይገኛል፣ ገዳዩ አይታወቅም። ሕጉ "እንግዲህ ምን ይደረጋል" ብሎ አያልፈውም። ሽማግሌዎችና ዳኞች ወጥተው ሬሳው ከወደቀበት እስከ ዙሪያው ከተሞች ድረስ ርቀቱን ይለካሉ። የቅርቡ ከተማ ሽማግሌዎች እጃቸውን ታጥበው፣ ደሙን እንዳላፈሰሱና እንዳላዩ በእግዚአብሔር ፊት ይናገራሉ። ገዳዩ ባይገኝም ሰውየው ዝም ብሎ አይቀበርም፤ አንድ ከተማ ስለ እሱ መልስ መስጠት አለበት።

ወንድማችን ማስረጃ ያልተገኘላቸው መዝገቦች ነበሩት። ለነዚያ ቤተሰቦች አልፎ አልፎ ይደውላል። "አዲስ ነገር የለም፤ ግን አልተውኩትም" ነው የሚላቸው። አንዳንዴ ይሰደባል፣ ስልኩን አስቀምጦ ዝም ይላል። ኢዮብ በምዕራፍ 29 ስለ ደህና ዘመኑ ሲያወራ፣ ለድሆች አባት እንደነበር፣ የማያውቀውንም ሰው ጉዳይ እንደመረመረ ይናገራል። አባትነትና ምርመራ አንድ ቁጥር ውስጥ፣ 16ኛው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እኔ በሱ አይቼዋለሁ።

መልአክ አላደርገውም። "ተረኛ ነኝ" እያለ ያለፈው የልጆች ልደት አለ፣ ባለቤቱም ዝም አላለችውም። ያስቀየማትን ያህል ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ ያም ቢሆን ዘግይቶ።

ከዚያ በሽታው መጣ። የካንሰሩ መድኃኒት፣ ኬሞው፣ ጣቶቹን አደነዘዘው። የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ አቃተው። ያ ብርጭቆ የሰበረው ልጅ ፊቱ ቆሞ ከታች ወደ ላይ ሲቆልፍለት አይቻለሁ። አንዱን ዘሎ ሸሚዙ ተጣመመ። አባት ወደ ታች አየና ምንም ሳይል እንደዚያው ወጣ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ልበል። አልጋው አጠገብ ቆመን "እምነትህን አጠንክር" ያልን አለን። ለሚሰማ ሰው ትርጉሙ "ያልዳንከው ባንተ ጥፋት ነው" ማለት ነው። ኤልሳዕ ስንት ተአምር ያደረገ ነቢይ ሆኖ ታሞ ነው የሞተው (2ኛ ነገሥት 13፥14)። ጳውሎስም የአገልግሎት ባልደረባውን ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ከተማ ትቶት ሄዷል (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥20)። የነሱን እምነት ማን ይለካል? ሐኪም ሆነን አልመጣን፣ ፈራጅ ያደረገን ማነው? "ምን ያስፈራሃል?" ብሎ የጠየቀው ሰው ስለ መኖሩ እጠራጠራለሁ። እኔ አልጠየቅኩትም። ይቆጨኛል።

ካረፈ በኋላም ያው ነን። የመጀመሪያውን ወር ቤቱን ሞላነው። ከዚያ ለባለቤቱ "በርቺ" የሚል መልእክት ብቻ ቀረ። ሐዋርያት ሥራ 9 ላይ ጣቢታ ስትሞት መበለቶቹ ከበው እያለቀሱ የሠራችላቸውን ልብስ ለጴጥሮስ ያሳዩታል። ማስረጃ ይዘው ነው የቆሙት። እኛ ስለ ወንድማችን ምን ይዘን እንቆማለን እያልኩ ነበር፣ በዚህ ሰሞን ወደ ቤቱ የሄድኩት።

"እህቴ፣ ምን ከበደሽ?" አልኳት። "ደህና ነኝ" አለች፣ እንደ ሁልጊዜው። ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ቆይታ ተነሳችና ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አመጣች። የትንሹ ልጅ የትምህርት ቤት ቅጽ ነው። መመለሻው ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሁሉንም ሞልታለች፣ "ድንገተኛ ነገር ሲያጋጥም የሚጠራ ሰው" የሚለው ሲቀር። እዚያ የባሏን ስልክ በልማድ ጽፋ ሰርዛዋለች። ከዚያ እጇ አልሄደላትም።

እስክሪብቶውን ተቀበልኳትና ከተሰረዘው ሥር የኔን ቁጥር ጻፍኩ።